ሳይመረቅ ያረጀው ፊልም

ወንጀሉ የተገኘው አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው፤ ያገኙትም ሰዎች ሳቁበት። በፖሊስነት ዘመኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ሬሳ አግኝቶ የሚስቅ ሰው ግን አይቼ አላውቅም ነበር። ይሄኛው ሬሳ ፊልም ስለሆነ ነው መሰለኝ።

ኅዳር 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ከሰዓት፣ አምቦ። ጋዲሴ ሌታ የምትባል የቀድሞ አስተማሪ ሦስት ዓመት የለፋችበትን «ከራ ጭልሞ» የተባለ የኦሮምኛ ፊልም የምታስመርቅበት ቀን ነበር። የጭልሞ መንገድ ማለት ነው። እኔን ባለቤቴ ጎትታ ወሰደችኝ። ከኔ ጋር ፊልም ማየት ማንም አይወድም፤ የተዋንያኑ ስም ሳያልቅ መጠርጠር እጀምራለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ ለዚሁ ሥራ ደመወዝ የተቆረጠልኝ ኋላ ነው።

ፊልሙ መጥፎ አልነበረም። ከጊንጪ እስከ ጭልሞ ጫካ በፈረስ ጋሪ እንጨት የሚያመላልስ ሽማግሌ፣ እንደሱ ባለጋሪ የነበረ ጓደኛው ሲሞትበት የሟቹን ሕፃን ልጅ ወስዶ ያሳድጋል። መጨረሻው ላይ ልጁ ጎርምሶ፣ «አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሽማግሌው ፈረሱን ይፈታል፣ ልጓሙን ያወልቃል፣ ከዚያ ዞር ይላል። አዳራሹ ጸጥ አለ። ባለቤቴ መሐረቧን አወጣች።

ሽማግሌው አፉን ከመክፈቱ በፊት ከኋላ ወንበር አንድ ጎረምሳ፣ «አባን ኬ ነመ ጋሪ ቱሬ» አለ። ሌላው ተቀበለው። ወዲያው ግማሹ አዳራሽ በአንድ ድምፅ «ነመ ጋሪ ቱሬ» አለና አጨበጨበ። ከዚያ ሸራው ላይ ያለው ሽማግሌ አፉን ከፍቶ፣ «አባን ኬ ነመ አመነማ ቱሬ» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ኦሮምኛ ለማይሰማ ሰው ላስረዳ። የሸራው ቃል «አባትህ የታመነ ሰው ነበር» ማለት ነው። የጎረምሶቹ ቃል ግን ሁለት ፊት አለው፤ «ጋሪ» ደግ፣ መልካም ማለት ነው፣ ፈረስ የሚጎትተውም ጋሪ ያው ጋሪ ነው። «አባትህ ደግ ሰው ነበር» ያለ ሰው በዚያው ትንፋሽ «አባትህ የጋሪ ሰው ነበር» ብሏል። እህሉም ዕቃውም ሰውም በጋሪ ሲመላለስ በኖረበት ከተማ እንዲህ ያለ ቃል ከሰሙት አይረሳም።

ጋዲሴ ከፊት ወንበር ተነሥታ ወጣች። ሰው ሁሉ ወዳጨበጨቡት ልጆች ዞረ። ያልዞሩት ኦቦ ኦሊቃ ብቻ ናቸው፤ ሽማግሌውን ሆነው የሠሩት፣ በእውነተኛው ኑሯቸውም ዕድሜያቸውን በጋሪ ነጂነት የጨረሱ የከተማችን አዛውንት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ያኔ ልብ ብያለሁ፣ ትርጉሙ ግን አልገባኝም።

ጋዲሴን ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ልጄን ስላስተማረች ታውቀኛለች።

«ኢንስፔክተር ደግፌ» አለች ቀና ብላ። «ፊልሜን ሰርቀውኛል።»

«ልጆቹ እኮ ቃሉን ተሳስተዋል። የሆነ ወሬ ሰምተው ይሆናል።»

«አልተሳሳቱም። ያ ቃል ፊልሙ ውስጥ ነበር። ነሐሴ ላይ ነው ያወጣሁት።»

«ለምን አወጡት?»

«አዲስ አበባ ለሚያውቁ ሰዎች ሳሳያቸው፣ ማልቀስ ያለባቸው ቦታ ላይ ሳቁ። ምስሉን ትቼ ድምፁን አስቀየርኩት። ልጆቹ ያዩት የፊቱን ነው። የፊቱ ያለው ደግሞ እኔ ዘንድና ፊልሙን ያቀናበረው ሞቱማ ዘንድ ብቻ ነው።»

ለመርማሪ ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ስልክ ላይ ያለ ፊልም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ይሄኛው ግን ጆሮው እንደ ተበጣ ከብት የራሱ ምልክት አለው።

«ቅዳሜ አዲስ አበባ ሁለት ሲኒማ ቤት ሊገባ ነበር» አለች። «አሁን ማን ያስገባዋል? የበላውን ወጥ ማን ተመልሶ ይገዛል? የሰረቀኝ ሰው ይታሰርልኝ።»

«ምናልባት የሚያውቁት ሰው ቢሆንስ?»

«ማንም ይሁን ማን።»

ከውስጥ ሳቁ አሁንም ይሰማል። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ሰኞ ጠዋት ሳጅን ጉዴን ጠርቼ፣ «ይህን ፊልም ስልኩ ላይ የያዘ ሰው ፈልጊልኝ» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ለማስረጃ ያህል እኔ ጋ አለ።»

«መቼ ነው ለማስረጃ የያዝሽው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ወንጀሉ ሳይታወቅ?»

«ቀደም ብሎ መዘጋጀት ጥሩ ነው ብዬ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

ከየት አገኘሽው ስላት ከእህቷ ልጅ አለች፤ የእህቷ ልጅ ከክፍል ጓደኛው፣ ጓደኛው ከሰዲቅ። ሌሎችንም ጠየቅን። አንዱ ከጉደር፣ አንዷ ከሆስፒታሉ፣ ሌላው ከመጋዘን ጥበቃ። መንገዱ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሰዲቅ በር ላይ ያልቃል።

የሰዲቅ አብዱልወሀብ ሱቅ መናኸሪያው አጠገብ ናት። በሩ ላይ «ፊልም፣ ሙዚቃ፣ መንዙማ፣ መዝሙር እንጭናለን» ይላል። ፍላሽህን ወይም የስልክህን ሚሞሪ ትሰጠዋለህ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ የፈለግኸውን ይገለብጥልሃል። የሕንዱም፣ የቱርኩም፣ ትናንት አሜሪካ የወጣውም አለ። አምቦ ውስጥ ከዚህ ሱቅ አላስጫንኩም የሚል ሰው ወይ ስልክ የለውም ወይ ይዋሻል። ይህ ነገር ወንጀል መሆኑ ግን ለማንም ታይቶት አያውቅም። ሰው በግ ሲሰረቅ ኡኡ ይላል፣ ፊልም ሲሰረቅ «ላክልኝ» ይላል።

ሰዲቅ ሠላሳ ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው። ስንገባ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

«ከራ ጭልሞን አንተ ነህ የበተንከው?»

«ለጠየቀኝ ጭኛለሁ። አልክድም።»

«ማን አመጣልህ?»

«ኢንስፔክተር፣ በቀን ስንት ፍላሽ ነው የሚገባው። አላስታውስም።»

እየዋሸ ነው። የእውነት የረሳ ሰው ለማስታወስ ይሞክራል፣ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ሰዲቅ መሬት መሬት ነው ያየው።

«ስማኝ» አልኩት። «የቅጂ መብት አዋጁ ሁለት በር አለው። የሰው መሆኑን፣ ያልተፈቀደ መሆኑን አውቀህ ከሆነ ከአምስት እስከ ዐሥር ዓመት ጽኑ እስራት ነው። በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ከአንድ እስከ አምስት። ማን እንዳመጣልህና ምን ብሎ እንደሰጠህ ካልነገርከኝ ሁለተኛው በር ይዘጋብሃል። ሰርቆ የበተነው አንተ ትሆናለህ።»

«ዐሥር ዓመት?» አለ። «ለፊልም?»

«ለፊልም።»

«ከተማው ሙሉ እኮ ነው ያየው።»

«ከተማ አይታሰርም። የሚታሰረው አንድ ሰው ነው።»

በግድግዳው ማዶ እናቱ እማማ ከሪማ ቅመም ሲመዝኑ ይሰማል። ወደዚያ አየት አደረገና፣ «አላስታውስም» አለ እንደገና። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ልጁ ግን አፉን ዘግቶ ራሱን እስር ቤት እያስገባ ነው። ኮምፒውተሩንም እሱንም ይዘን ሄድን። እማማ ከሪማ በር ላይ ቆመው አዩን፤ አልጮኹም፣ ነጠላቸውን ብቻ አጠበቁ።

ኮምፒውተሩን ሳጅን ጉዴ ናት የፈተሸችው። እሷ ቀድሞ መዘጋጀት እንደምትወድ ተናግሬያለሁ።

«አንድ የሚገርም ነገር አለ» አለችኝ። «ትልቁ ፊልም የለም። ያለው የተጨመቀው፣ ትንሹ ነው። ለዚህ ነው ሁሉም ሰው ስልክ ላይ ደብዘዝ የሚለው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቁልፉ እየተጫነ ለሚሠራ ለተራ ስልክ ሲሆን እንደዚህ ያሳንሱታል። ባለ ፍላሹ ለተራ ስልክ አስጭኖ ፍላሹን ይዞ ሄዷል። ኮምፒውተሩ ላይ የቀረው ያሳነሱት ነው።»

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ሊነግድበት ያሰበ ሌባ ጥሩውን አስቀርቶ ያሳነሰውን ይጥላል። እዚህ የሆነው ተቃራኒው ነው። ያመጣው ሰው ፊልሙን የፈለገው ለራሱ ተራ ስልክ ነበር ማለት ነው።

ያም ሆኖ መጠርጠሬን አላቆምኩም። ጋዲሴ ከምርቃቱ በፊት ፊልሙን አይተው አስተያየት እንዲሰጧት አንድ ቅጂ የላከችላቸው ሰው ነበሩ፤ ጋሽ ገለታ፣ ጡረታ የወጡ የቋንቋ አስተማሪ። ቤታቸው ስሄድ ገና መታወቂያዬን ሳላወጣ ማላብ ጀመሩ።

«እኔ ለወንድሜ ብቻ ነው የሰጠሁት» አሉ።

«ምኑን?»

«ፊልሙን ነዋ። ጉደር ነው ያለው፣ ወንድሜ። ታሞ ስለተኛ ይዝናና ብዬ ነው። እሱም ለጎረቤቱ ብቻ ነው የሰጠው።»

«ጎረቤቱስ?»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

ስልካቸው መዳፍ የሚያህል የሚነካ ስልክ ነው። የያዙትን ቅጂ ከፍተን መጨረሻውን ሰማን። «ነመ አመነማ» ይላል፤ አዲሱ ነው። ከአዳራሹ የተሰማው ቃል ከሳቸው ፍላሽ አልወጣም። ሳይጠየቁ ሌላ ወንጀል የተናዘዙ ሰው ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። ወንጀላቸውን ለዐቃቤ ሕግ እንደማሳውቅ ነግሬያቸው ወጣሁ፤ በሩ ድረስ እየተከተሉ፣ «ለታመመ ሰው እኮ ነው» ይሉኝ ነበር።

ከተማው የራሱን ምርመራ ጨርሷል። ሻይ ቤት የሰማሁት፣ «ራሷ ናት የለቀቀችው፣ ለማስታወቂያ» የሚል ነበር። እኔም ለግማሽ ቀን ጠርጥሬያታለሁ። ነገር ግን የአዲስ አበባዎቹ ሲኒማ ቤቶች ማክሰኞ ደውለው ሰረዙባት። ስልኩን ስታነጋግር አጠገቧ ነበርኩ። «እሺ፣ ገባኝ» እያለች ጨረሰችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አስቀመጠችው። ለማስታወቂያ ብሎ የራሱን ቤት የሚያቃጥል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ይህች ሴት ግን እሷ አይደለችም።

«ድምፁን ስትቀይሩ ኦቦ ኦሊቃ አልተቀየሙም?» አልኳት።

«ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ስለዚህ እሳቸው ሳይኖሩ ነው የሠራነው። በሞቱማ ድምፅ ሞላነው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።»

ሞቱማ። በራሱ ፊልም ምርቃት ላይ ያልተገኘ ሰው።

ሞቱማ ባኮ ፎቶ ቤት ከፍቷል። ረቡዕ በጠዋቱ ሚኒባስ ይዤ ወረድኩ። ባኮ ስትደርስ ኮትህን ታወልቃለህ፤ በቆሎ የጫኑ መኪኖች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል፣ አቧራውና ሙቀቱ አንድ ላይ ይቀበሉሃል። ሞቱማን ከካሜራው ጀርባ የሰርግ ፎቶ ሲያነሣ አገኘሁት። ሲያየኝ ሙሽሮቹን ሳይጨርስ ለቀቃቸው።

«ከጥቅምት ጀምሮ እዚህ ነኝ» አለ ገና ሳልጠይቀው። «የፎቶ ቤቱን ሠራተኞች ጠይቅ። ፊልሙ ሲበተን አምቦ አልነበርኩም።»

«አምቦ መሆን የለብህም። ፍላሽ እግር አለው። የፊቱን ቅጂ ለማን ሰጠህ?»

«ለማንም።»

«ምርቃቱ ላይ ለምን አልመጣህም?»

«ሥራ በዛብኝ።»

«እሑድ?»

ካሜራውን ከማቆሚያው ላይ አወረደ።

«ሞቱማ፣ መጨረሻው ላይ ያለው ድምፅ ያንተ ነው አይደል?»

የካሜራውን ማንገቻ እጁ ላይ ጠመጠመው። «ጋዲሴ ኦቦ ኦሊቃ ታመዋል አለችህ፣ አይደል? ጉንፋኑ እውነት ነው። ግን አልጠራቻቸውም። ይቆዩና ይሻላቸው አልኳት፣ ጊዜ የለንም አለች። ቀረጽኩ። ከዚያ መስከረም ላይ ለተዋንያኑ ስታሳይ ሽማግሌው መጡ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ የኔ ድምፅ ወጣ። አጠገባቸው ነበርኩ። ወደ እኔ አልዞሩም፤ ምነው ዞረው በሰደቡኝ አልኩ። እንደገና አጠገባቸው ተቀምጬ ያንን መስማት አልቻልኩም።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

«ምንም።»

«ፍላሽ አልሰጠህም?»

«ለማንም አልሰጠሁም አልኩህ።» ይህን ሲል መሬት መሬት ያያል።

ሚኒባሱ ውስጥ እስከ አምቦ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ከተማ መሬት መሬት እያዩ ዋሹኝ። ሌባ ጓደኛውን የሚሸፍን ሰው ዓይን ዓይኔን ያያል፣ እንደማምነው ለማየት። መሬት የሚያየው የሚያከብረውን ሰው የሚሸፍን ነው። በኛ አገር ደግሞ ወጣት መሬት እያየ የሚዋሽለት ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ነው።

ከዚያ ወዲያ የፈራሁት ማወቄን ነበር።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት እማማ ከሪማ ለልጃቸው ስንቅ ይዘው መጡ። እግራቸው ያማቸዋል። ምሳውን የተሸከሙላቸው ኦቦ ኦሊቃ ናቸው፤ ሳጅን ጉዴ ሰኞም ማክሰኞም ረቡዕም እንደመጡ ነገረችኝ። ፊልማቸው የተሰረቀባቸው ተዋናይ ለሌባው ምሳ ይዘው ይመላለሳሉ፣ እኛ ደግሞ በር እየከፈትን እናስገባለን።

«ልጄ» አሉኝ እማማ ከሪማ፣ «ሰዲቅ ምንም ቢያደርግ ክፉ ልጅ አይደለም። አባቱ አብዱልወሀብ ሲሞት ይህ ልጅ ሕፃን ነበር። ያሳደጉት ኦቦ ኦሊቃ ናቸው፣ ጋሪው ላይ። ከመናኸሪያ ዕቃዬን ሲያመጡ እፊታቸው አስቀምጠው፣ ልጓም አስይዘው።»

ኦቦ ኦሊቃ ሳህኑን ለጠባቂው አቀብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ኦቦ ኦሊቃ» አልኳቸው፣ «ፊልሙን ከሰረቀብዎ ሰው ጋር በጣም ተዋደዳችሁ።»

«እኔን ማን ሰረቀኝ?» አሉ።

ይህን ያሉት በእውነት ገርሟቸው ነው። ጋዲሴ፣ ሲኒማ ቤቶቹ፣ እኔም ራሴ፣ ሁላችንም ተሰረቀ ባዮች ነን። እሳቸው ብቻ የጎደለባቸው ነገር የለም።

«ስልክዎን ያሳዩኛል?»

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አወጡ። በላስቲክ የታሰረ ተራ ስልክ፣ የቁልፎቹ ቁጥር በጣት ብዛት የጠፋ። እኔ ልከፍተው ስታገል መልሰው ተቀበሉኝ። ሌላ ነገር መክፈት የሚችሉ አይመስለኝም፤ ይህችን ግን ጣታቸው ያውቃታል። ጥፍር በምታህል ምስል ውስጥ ሽማግሌው ፈረሱን ፈታ፣ ልጓሙን አወለቀ፣ ዞረ። ከዚያ የራሳቸው የሰለለ ድምፅ ያንን ቃል ተናገረ። ኦቦ ኦሊቃ ምስሉን አላዩም፣ ጆሯቸውን ነው ያስጠጉት።

እማማ ከሪማ ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ልጃቸው ማንን እንደሸፈነ አሁን ነው የገባቸው።

ቢሮዬ አስገባኋቸውና ወንበር ሰጠኋቸው። ሳጅን ጉዴ ቃል ለመቀበል ወረቀት አዘጋጀች። በኛ ጣቢያ ቃል የሚጻፈው ሰውየው በተናገረበት ቋንቋ፣ እንደ ተናገረው ነው።

«ጋዲሴ የጻፈችው ረጅም ነበር» አሉ። «ሸምድጄዋለሁ። ካሜራው ፊት ስቆምና ያ ልጅ ‹አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?› ሲለኝ ግን ያባቴ ነገር መጣብኝ። አባቴ ባለጋሪ ነበር። ስድብ ነበር ያኔ፣ የጋሪ ልጅ መባል። ያቺን ቃል ከዚያ ነው ያወጣኋት። ሰው ሁሉ ዝም አለ፣ ጋዲሴም አለቀሰች። በዚህ ፊልም ውስጥ የኔ የምላት ያቺን ቃል ብቻ ነው። ከዚያ መስከረም ላይ ሄጄ ሳይ፣ አፌ ይንቀሳቀሳል፣ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው። ሞቼ የሚለቀስልኝ መሰለኝ።»

«ሞቱማ ፍላሹን ሰጠዎት?»

«ለመንኩት። ለልጅ ልጆቼ አልኩት። እሱን ተወው፣ እሱ ያዘነልኝ ነው። ወደ ሰዲቅ ወሰድኩና ስልኬ ላይ ጫንልኝ አልኩት። ሲጭን አብረን አየነው። ‹የርስዎ ነው?› አለኝ። የኔ ነው፣ የጠየቀህን አትከልክል አልኩት።»

በሩ ተከፈተ። ጋዲሴ ናት። እማማ ከሪማ ኮሪደሩ ላይ ሲያለቅሱ አይታ ነው የገባችው። ሽማግሌውን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ ሌላ አስረጂ አላስፈለጋትም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«ነግሬሽ ነበር» አሉ ኦቦ ኦሊቃ። «ሰው ይስቃል አልሽኝ።»

ጋዲሴ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ክሴን ባነሣስ?» አለች። ባለፈው እሑድ ማንም ይሁን ማን ያለችውን ሴት ነው የማየው። መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ እንደገባና ከእንግዲህ በእሷም በእኔም እጅ እንዳልሆነ ነገርኳት። ወጥታ ከእማማ ከሪማ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

አሁን የቀረችው አንዲት ቃል ናት። ሰዲቅ የሽማግሌውን ቃል አምኖ ከሆነ ለእሱ ሁለተኛው በር ይከፈታል። ለሽማግሌው ግን የሚከፈተው በር በአፋቸው ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ወይ አውቄ ይላሉ፣ ወይ ሳላውቅ።

«ኦቦ ኦሊቃ» አልኳቸው፣ ብዕሩን ከጉዴ ተቀብዬ፣ «ሲሰጡት ፊልሙ የርስዎም መስሎዎት ነበር፣ አይደል?»

ጉዴ ወደ መስኮቱ ዞረች። በተጠርጣሪ አፍ ቃል ሳስገባ አይታኝ አታውቅም።

«አልመሰለኝም። ፊልሙ የሷ ነው። ድምፁ ነው የኔ።»

«እርስዎ ሽማግሌ ነዎት። ስለ ሕጉ ማን ነገርዎት? ‹ኡቱ ሂን ቤኪን› ቢሉ፣ ሳላውቅ ነው ቢሉ፣ የሚጠረጥርዎ የለም።»

«ሕጉን አላውቅም። እንደማይፈቀድልኝ ግን አውቃለሁ፤ ለዚህ እኮ ነው ሰዲቅን የዋሸሁት። ቤኬን ኬኔ።» አውቄ ነው የሰጠሁት ማለታቸው ነው።

እውነት ሰዲቅን ዋሽተውት ይሁን፣ ወይስ ልጁን ለማዳን አሁን እየዋሹኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ እጠረጥራለሁ። ሰዲቅን ስጠይቀው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ያን ጊዜ ግን ያስጨነቀኝ እሱ አልነበረም።

«እንደዚያ ብዬ ከጻፍኩ» አልኳቸው፣ «መነሻው አምስት ዓመት ነው። እዚያው ሊሞቱ ይችላሉ።»

«ጻፍ።»

«አንዲት ቃል ናት፣ ኦቦ ኦሊቃ። እኔ ላስተካክላት።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ያ ነው የከፋኝ።

«ልጄ» አሉ፣ «አንዴ አፌ ሲንቀሳቀስ የሌላ ሰው ቃል ወጥቶብኛል። አንተም ልትደግመኝ ነው?»

«ቤኬን ኬኔ» ብዬ ጻፍኩ፣ እንዳሉት።

«አንብብልኝ» አሉ።

ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላቸው። መሃል ላይ አስቆሙኝ። ኮሪደሩ ላይ ላሉት ሴቶች እንዲሰማ ከፍ አድርግ አሉኝ። ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

«አዎ» አሉ ኦቦ ኦሊቃ፣ «ይሄ የኔ ነው።» አውራ ጣታቸውንም ለቀለሙ ዘረጉልኝ።